ቤት ከመግዛት በፊት ቤትን ስለ መመርመር



ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ ቤት ሲገዛ የሚያየው የግድግዳውን ቀለም ብቻ ነው። ነገር ግን የጭቃ ቤት ቋሚና ማገሩ በምስጥ ተበልቶ ሳለ ምርጊቱ ሊያምር ይችላል። ስለዚህ ገዢ ባለሙያ ይዞ የቋሚውን ሥር ያስቆርቁር፤ በኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት እንዳለ ይመልከት፤ የግድግዳውንም ስንጥቅ ይመርምር። አለዚያ አከራይቶ ሊጠቀም የገዛው ቤት ኪራዩን ሁሉ ለጥገና ይበላበታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተሰወረ ጉድለት ኀላፊ ያደርገዋል፤ ፊት ለፊት እየታየ ገዢው በከባድ ቸልተኝነት ላለፈው ጉድለት ግን ኀላፊ አያደርገውም። እንግዲህ ሕግም የሚረዳው አስቀድሞ የተመለከተውን ነውና፥ ከፊርማ በፊት ምርመራ ይቅደም።