ልመና ያልሆነ ማመልከቻ
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት ነው። ይኸውም ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ከማስረጃው ጋር አያይዞ ለዩኒቨርሲቲው የሚልከው ደብዳቤ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፥ በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ብርቱ ሠራተኞች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት በዚህች ወረቀት ላይ ነውና ጥቂት ደቂቃ ብንነጋገርባት አይከፋም።

በመሳለሚያ ሠፈር ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ደብዳቤዋን ይዛ መጣችና «ጋሼ፥ እባክዎ ይዩልኝ፤ ዐምና ልኬ አልተቀበሉኝም፤ ዘንድሮም ካልሆነ ሐሳቡን እተወዋለሁ» አለችኝ። የምታመለክተው ለግብርና ኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም መንፈሱ የአማርኛ ማመልከቻ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምራ ትምህርት እንደምትወድ፥ ዩኒቨርሲቲው ስመ ጥሩ እንደ ሆነ፥ ዕድሉ ቢሰጣት ውለታውን እንደማትረሳ ይናገራል። ከፊርማዋ በቀር እርስዋን ከሌላ ሰው የሚለይ አንድም ቃል የለበትም።

ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። ሥራዋ በእህል በረንዳ እየተዘዋወረች የጤፍ ዋጋ መመዝገብ ነው። «አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ» አለችኝ። «ኑሮ በሚወደድበት ወራት በመዝገቤ ላይ የሚታየው ጭማሪ ትንሽ ነው። ትናንት ሠርገኛ ይባል የነበረው ጤፍ ዛሬ በነጭ ስም ይሸጣልና። ሸማቹ በዚያው ዋጋ የሚወስደው ዝቅ ያለውን ነው፤ ይህን ግን መዝገቡ አያሳይም።» «ታዲያ ይህ በደብዳቤሽ ውስጥ የት አለ?» ብላት፥ «ይህማ የሥራ ነገር ነው፤ ለትልቅ ትምህርት ቤት እንዴት ይነገራል?» ብላ ሣቀች።

አድማጮቼ፥ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ የቢሮ ሰዎች ማመልከቻ ሲባል የምናውቀው የዝውውርን፥ የዕረፍት ፈቃድንና የደመወዝን ጥያቄ ነው። አመልካቹ ችግሩን ያስረዳል፤ አለቃው አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። በዚያም ላይ ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብለን አድገናል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን በደብዳቤው የሚሹት ልመናን ሳይሆን ከእነርሱ ጋር አብሮ ለመመርመር የሚችል ሰውን ነው። በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1946) በአሜሪካ የተመሠረተው የፉልብራይት የትምህርት ዕድል እንኳ አመልካቹን ስለ ሕይወቱ ብቻ አይጠይቀውም፤ ሊያጠና ያሰበውን ነገር ለብቻው ጽፎ እንዲያቀርብ ያዘዋል።

ዱሮ ይህ ጉዳይ የጥቂቶች ነበር። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዩኒቨርሲቲው የማስትሬት ትምህርት መስጠት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ዛሬ ግን በአገር ውስጥም በውጭም በሩ ሰፍቷል፤ በሩ ሲሰፋም የሚያንኳኳው ሰው በዝቷል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢልክ መራጩ በምን ይለያቸዋል?

ይህን ለመረዳት ከመሳለሚያ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ነጋዴው «እህሌ ግሩም ነው» ብሎ ቢምል ገዢው አይሰማውም። እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ ከመካከል እፍኝ ያወጣል፤ በመዳፉ ላይ ዘርግቶም ይመለከታል። «ታታሪ ነኝ፥ ትጉህ ነኝ» ማለት መሐላ ነው፤ «በሥራዬ ላይ ሳለሁ ይህን አየሁ፥ ምክንያቱንም ለማወቅ እሻለሁ» ማለት ግን ከጆንያው የወጣው እፍኝ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤ ጸሐፊው አራት ነገር ያስብ። አንደኛ፥ ሊመረምር የሚፈልገውን ጥያቄ ከመግቢያው ይናገር። ሁለተኛ፥ ለዚያ የሚያበቃውን ሥራ በጊዜና በቁጥር ይግለጥ። ሦስተኛ፥ ያን ትምህርት ቤት ለምን እንደ መረጠ የመምህራኑን ጽሑፍ አንብቦ ያስረዳ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ተለውጦ ለሁሉ የሚላክ ደብዳቤ ለማንም አይሆንም። አራተኛ፥ ትምህርቱን ሲፈጽም ምን እንደሚሠራበት ይንገር። ዝቅ ያለ ውጤት ያለበትም ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ይለፍ። ከሁሉ በላይ ግን ያልሠራውን ሠራሁ አይበል፤ ሌላ ሰው የጻፈውንም ስሙን ለውጦ የራሱ አያድርገው።

ያች ጎረቤቴ ደብዳቤዋን እንደ ገና ጻፈችው። የመጀመሪያው መስመር ስለ ጤፍ ይናገራል። መልሱ ገና አልመጣም። ቢቀበሏትም ባይቀበሏትም ግን፥ በዚህ ጊዜ የምትመዘነው በራስዋ እህል ነው።