በብርሃን ጥለት ነገርን ስለ መመርመር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ለዚህ በዓል የሳይንስ ክበባችን አንድ ነገር እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ እኛ አባሎቹ ብዙ ተከራክረናል። ግማሾቻችን ሮኬት፥ ግማሾቻችን እሳተ ገሞራ እንሥራ አልን። በመጨረሻ ይዘን የቀረብነው ግን ይህን በጠረጴዛው ላይ የምታዩትን የጫማ ካርቶን ነው። በሩቅ ለሚመለከተው ከጫማ ካርቶንነት አያልፍም፤ ስለዚህም አንዳንድ ጓደኞቻችን ሲስቁብን ሰንብተዋል። በውስጡ ግን የአሮጌ ሲዲ ቁራጭ፥ በፊቱም በሁለት ምላጮች መካከል የተበጀ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ንግግራችን ይህ ካርቶን ስለሚያሳየው ነገር ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የምንጠራ መሆናችንን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በወጥ ቤት ነው። ሽሮ ገንፍሎ በቡታጋዝ ላይ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ እንደሚሆን እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ከእኛ አንዱ ይህን አይቶ ምክንያቱን ጠየቀ። አንዱ በርበሬው ነው አለ፤ ሌላው ዘይቱ ነው አለ። እኛም እያንዳንዱን ለየብቻው በነበልባል ላይ ሞከርነው (በርበሬው ያደረሰብንን ሳልና ማስነጠስ እዚህ መተረክ አያስፈልግም)። ያን የጠራ ቢጫ የሰጠን ጨው ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በጨው ውስጥ ሶዲየም የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ ነው። በካርቶናችን ስንጥቅ በኩል ስንመለከተው ቢጫው እንደ ቀስተ ደመና የተዘረጋ ሳይሆን አንዲት ቀጭን መሥመር ብቻ ነበረ። የመሥመሩም የሞገድ ርዝመት 589 ናኖሜትር ያህል ነው። በተሻለ መሣሪያ ቢያዩት ሁለት የተጠጋጉ መሥመሮች መሆናቸው ይታወቃል፤ የእኛ ካርቶን ግን ይህን ለመለየት አቅም የለውም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ይህችንም አላየናት። ስንጥቁን አስፍተን ሠርተነው ስለ ነበረ የተደበላለቀ ቀለም ብቻ ታየን፤ ጥፋቱም የሲዲው መስሎን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲዲ ስንቀያይር ከረምን። ሲዲው ግን ምንም ጥፋት አልነበረበትም። በአንድ ሚሊሜትር ላይ 625 ያህል ጭረት ስላለው ብርሃንን በየቀለሙ ይበትናል። ስንጥቁን እንደ ፀጉር ባጠበብነው ቀን መሥመሮቹ ተለያይተው ብቅ አሉ። የሻማ ብርሃን ያልተቋረጠ ኅብረ ቀለም አሳየን፤ በዚህ አዳራሽ ጣራ ላይ ያለው ረጅም አምፑል ግን በውስጡ የሜርኩሪ ተን ስላለበት የተለያዩ ብሩህ መሥመሮችን ሰጠን።

ሊቃውንት አንዳንዱን ሰፊ የኅብረ ቀለም ክፍል ባንድ ይሉታል። እኛ በክበባችን ጥለት ብለነዋል፤ ምክንያቱም በነጠላ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥለት አይቶ የየት አገር ሥራ እንደ ሆነ የሚለይ ሰው እንዳለ ሁሉ፥ የብርሃንንም ጥለት አይቶ የየትኛው ነገር እንደ ሆነ መለየት ስለሚቻል ነው።

ይህን ጥበብ ካስጀመሩት አንዱ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የተባለ የባቫሪያ ሰው ነው። በ11 ዓመቱ ወላጆቹን አጥቶ በመስተዋት ሠሪ ቤት በረዳትነት ያደገ ልጅ ነበረ። በ1814 የፀሐይን ብርሃን በትኖ ሲመለከት በቀለሞቹ መካከል ከ570 የሚበልጡ ጥቁር መሥመሮችን ቈጠረ። ምን እንደ ሆኑ ግን ሳያውቅ ሞተ። ምሥጢሩን በ1859 በሃይደልበርግ የገለጡት ኪርኾፍና ቡንሰን ናቸው። የጋለ ጋዝ የራሱን መሥመር ያበራል፤ ያው ጋዝ ከበስተኋላው ይበልጥ የጋለ ነገር ሲያበራ ደግሞ ያንኑ መሥመር ይውጠዋል። ስለዚህ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የጎደለው ቢጫ መሥመር በፀሐይ ዙሪያ ሶዲየም መኖሩን ይመሰክራል። ከወጥ ቤት ጨው እስከ ፀሐይ ድረስ ሕጉ አንድ ነው። ቡንሰን በዚህ መንገድ ከ40 ቶን የሚበልጥ የማዕድን ውሃ አትንኖ ሲዚየም የተባለውን አዲስ ንጥረ ነገር በሰማያዊ መሥመሮቹ አወቀው። አርባ ቶን ውሃ! እኛ አንድ ጀሪካን ውሃ ለማትነን ብንታዘዝ ምን እንደምንል እናውቃለን።

ነሐሴ 18 ቀን 1868 ታላቅ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። የጥላው መንገድ ገና ማለዳ ከአገራችን ምድር ተነሥቶ፥ በኤደን አልፎ ወደ ህንድ ሄዷል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካለፉ አራት ወር ገና መሙላቱ ነበረ። በህንድ አገር ዣንሰን የተባለው ፈረንሳዊ የፀሐይን ጠርዝ በመሣሪያው ሲመረምር ብሩህ መሥመሮችን አየ። ከዚያ በኋላ ሎክየር የተባለው እንግሊዛዊ ከመሥመሮቹ አንዲቷ ቢጫ መሥመር የሶዲየም ስላልሆነች በምድር ላይ ያልታወቀ ንጥረ ነገር አለ ብሎ ስሙን ሂሊየም አለው። ራምዜ በ1895 ከዩራኒየም ድንጋይ ውስጥ እስኪያወጣው ድረስ 27 ዓመት ሙሉ ሂሊየም የሚታወቀው በፀሐይ ብቻ ነበረ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሥመር ነው። ወደ ሞለኪውል ሲደረስ ግን መሥመሮቹ ተጠጋግተው እውነተኛ ጥለት ይሆናሉ። ሞለኪውልን በሞላ እንደ ተያያዙ ኳሶች አድርጋችሁ አስቡት። ኳሶቹ ሲላወሱ፥ ሞለኪውሉም ሲሽከረከር እንደ ክራር ክር የራሳቸው የሆነ ቃና አላቸው፤ ከቃናቸው ጋር የሚስማማ ብርሃን ሲመጣ ይውጡታል፤ የማይስማማውን ያሳልፉታል። ይህ ብርሃን ግን አብዛኛውን ጊዜ ታሕተ ቀይ የሚባለው፥ ዓይናችን የማያየው፥ ቆዳችን በሙቀት የሚያውቀው ነው። ካርቶናችንም እዚህ ላይ ከሥራ ውጭ ይሆናል።

በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት የካርቦን ዳይኦክሳይድን ጋዝ በመስተዋት ቧንቧ ሞልታ በፀሐይ ላይ ብታኖረው ከተራው አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች። በ1859 ደግሞ ጆን ቲንዳል በሎንዶን የሙቀትን ጨረር በረጅም ቧንቧ ውስጥ እያሳለፈ፥ ከአየራችን ከመቶ 99 የሚሆኑት ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ሙቀቱን እንዲያው ሲያሳልፉት፥ ጥቂት የሆኑት የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዙት አገኘ። ዛሬ ስለ ምድር መሞቅ የሚነገረው ሁሉ መነሻው ከዚህ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብርቱ ጥለት ያለው በ4.3 ማይክሮሜትርና በ15 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አስታውሱልን፤ አንደኛውን በኋላ እንፈልገዋለን።

ጋዝ ሁሉ እንዲህ የራሱ ጥለት ስላለው ሰው ሊጠጋው የማይችለውን ነገር በሩቅ ሆኖ መለካት ተችሏል። ኅዳር 23 ቀን 2025 (በእኛ ኅዳር 14 ቀን 2018) በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ዐመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን በኩል እስከ ህንድ ደረሰ። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ላዕለ ሐምራዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ሳተላይቶች ደመናው ወዴት እንደሚሄድ ከጠፈር ሆነው ይከታተሉታል። አውሮፕላን ነጂዎችም መንገዳቸውን የሚያስለውጡት በእንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ያን ቍጥር እንመልሰው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 የተወነጨፈው ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ 700 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ የምትገኝን አንዲት ፕላኔት፥ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ተመለከታት። የኮከቡ ብርሃን በፕላኔቷ አየር ውስጥ አልፎ ሲመጣ በ4.3 ማይክሮሜትር ላይ ጎድሎ ተገኘ፤ ሊቃውንቱም በዚያች ፕላኔት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩን በ2022 አስታወቁ። ቲንዳል በቧንቧ ውስጥ የመረመረው ያው ጋዝ ነው። ይህን በክበባችን ያነበብን ቀን ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የሩቁ ፕላኔት ሳይሆን የገዛ መሬታችን ነው።

በሐምሌ 1972 የአሜሪካ መንግሥት በኋላ ላንድሳት 1 የተባለችውን ሳተላይት አወጣ። ምድርን የምታየው በአራት ጥለት ነበረ፤ በአረንጓዴ፥ በቀይና በሁለት ታሕተ ቀይ። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ስለሚውጠው ጥቂት ብቻ ይመልሳል፤ ታሕተ ቀዩን ግን ስለማይፈልገው በብዛት ይመልሰዋል። ለምሳሌ ያህል ቅጠሉ ከቀዩ ከመቶ 8፥ ከታሕተ ቀዩ ከመቶ 50 ይመልሳል እንበል። ልዩነታቸው 42፥ ድምራቸው 58 ነው፤ አንዱ ለሌላው ሲካፈል 0.72 ይሆናል። ደረቅ አፈር 25 እና 30 ቢመልስ 5ን ለ55 ማካፈል ነው፤ 0.09 ይሆናል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሚችለው በዚህ ሒሳብ የአንድ አገር ልምላሜ በየሳምንቱ ይለካል። ከ1984ቱ ረኀብ በኋላ በ1985 አሜሪካኖች ያቋቋሙት የረኀብ ማስጠንቀቂያ ድርጅትም ይህን ሒሳብ ከዝናብና ከገበያ ወሬ ጋር እያስተያየ ሲሠራበት ኖሯል።

ድንጋይም ጥለት አለው። ሸክላማ አፈር በ2.2 ማይክሮሜትር ገደማ ብርሃንን ይውጣል። ዶክተር ብርሃነ አስፋውና የሥራ ጓደኞቻቸው ከ1988 ጀምሮ ባካሄዱት ጥናት የሳተላይት ሥዕሎችን መርምረው ቅሪተ አካል ሊገኝበት የሚችለውን ጥንታዊ ደለል ለዩ፤ በደቡብ ፈጀጅን፥ በአዋሽ አካባቢ ከሰም ከበናን አገኙ። ሥዕሉ ግን አጥንት አላሳያቸውም። የት እንደሚሄዱ ነገራቸው፤ አጥንቱን ያገኙት በእግራቸው ሄደው፥ ጎንበስ ብለው ነው።

የተከራከርነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከእኛ አንዳንዶች «ሳተላይት ካለ ረኀብን አስቀድሞ ማወቅ ቀላል ነው» አሉ። ከወላይታ የመጣ ጓደኛችን ግን ተቃወመ። በ2008 በደቡብ አገራችን የበልግ ዝናብ ቀረ፤ ስኳር ድንቹም ጠፋ። ኋላ ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ ማሳው ሁሉ ለመለመ፤ ነገር ግን ሰብሉ ገና አልደረሰም፤ ጎተራው ባዶ ነበረ። በለመለመ አገር ልጆች ተራቡ፤ ሰዎችም አረንጓዴ ረኀብ አሉት። ያን ጊዜ በ0.72 እና በ0.09 ብቻ የፈረደ ሰው አገሩ ደኅና ነው ብሎ ይጽፍ ነበረ። በአፋርም እንዲሁ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ቍጥቋጦ የአዋሽን ዳር ሲወርረው በሥዕሉ ላይ ልምላሜ ይታያል፤ አርብቶ አደሩ ግን የግጦሽ ሣሩን አጥቷል። ቅጠል መኖሩን ጥለቱ በትክክል ተናግሯል፤ የማን ቅጠል እንደ ሆነና ማን እንደሚበላው ግን አልተጠየቀም። ጓደኛችን ይህን ተናግሮ ሲቀመጥ መልስ የሰጠው አልነበረም፤ እኛም ይህን ንግግር በሮኬት ፈንታ ያዘጋጀነው በዚያ ቀን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያ የረኀብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ ሥራው ለወራት ተቋርጦ ነበረ። አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች፤ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን፥ ምድርን በልዩ ልዩ ጥለት የምታነሣ ነበረች፤ መቀበያ ጣቢያዋም በእንጦጦ ተሠራ። መሣሪያ ይገዛል፤ ይወነጨፋል፤ ዕድሜውም ያልቃል። ሥዕሉን ቁጭ ብሎ የሚያነብ፥ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ወላይታና ወደ አፋር ሄዶ ገበሬውንና አርብቶ አደሩን የሚጠይቅ ሰው ግን ከየትምህርት ቤቱ ነው የሚወጣው። ይህን ስንል ወደ ራሳችን እየተመለከትን እንደ ሆነ ይታወቅልን፤ በፊዚክስ ፈተና ያገኘነውን ነጥብ መምህራችን እዚህ ባይናገሩብን ደስ ይለናል።

አሁን ካርቶኑ በተራ ይዞራል። መጀመሪያ ሻማውን፥ ቀጥሎ ጨው የተነሰነሰበትን ነበልባል፥ በመጨረሻም የጣራውን አምፑል ተመልከቱ። የፀሐይን ጥቁር መሥመሮች ማየት የሚፈልግ ከበሩ ውጭ ነጭ ወረቀት አስቀምጠናል፤ ካርቶኑን ወደ ወረቀቱ እንጂ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አያዙር፤ ዓይን ይጠፋል። ስንጥቁንም በጣት አትንኩት፤ ምላጭ ነው።