መውጫ የሌለው ውኃ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሐይቃችን ነው። በየቀኑ እናየዋለን፤ ዘወትር የሚታይ ነገር ግን ልብ አይባልም።

ሐይቃችን ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ይገኛል። ጥልቀቱ ወደ 80 ሜትር ይደርሳል። ሰው በሰው ላይ ቢቆም ከ40 ሰው ቁመት ይበልጣል። የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ታዲያ ክረምት ጎርፍ ከማሳችን ጠርጎ የሚያወርደው አፈር የት ይሄዳል? እዚያው ይቀራል።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያያዘ። ዛሬ በእግር ይደረሳል። ለመንገደኛ ምቹ ነው፤ ለሐይቁ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

እስቲ ደግሞ ሩቅ አገር እንመልከት። በዓለም ደቡብ ጫፍ አካባቢ ማኳሪ የምትባል ደሴት አለች። ብርድና ነፋስ አይለያትም። ገበሬ የለባትም። ፔንግዊን የሚባሉ፣ የሚዋኙ እንጂ የማይበሩ ወፎች በብዛት ይኖሩባታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ሰዎች ለምግብ ብለው ጥንቸል ለቀቁባት። ጥንቸሉ ተራባ፤ ሣሩን ጋጠው፤ ቁልቁለቱ ተራቆተ፤ አፈሩም ተናደ። ብዙ ከተደከመ በኋላ በ2014 ደሴቲቱ ከጥንቸል መጽዳቷ ተረጋገጠ። ሣሩም ተመልሶ በቀለ።

ሣር የለበሰ መሬት አፈሩን ይይዛል፤ የተራቆተ ይለቃል። ይህ በማኳሪም በአምባሰልም አንድ ነው። እኛ ግን እንደ ጥንቸሉ ተነሥተን አንሄድም፤ ከብታችንንም አንጥልም። ስለዚህ እዚሁ እየኖርን መጠበቅ አለብን። በተዳፋቱ እርከን እንሥራ። ውኃው የለቀቀውን ዳርቻ ማረስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ለቄጤማው እንተውለት። ቄጤማው ደለሉን ያስቀራል፤ የውኃ ወፎችም ይጠለሉበታል።

ዓሣውንም እናስብ። ቆሮሶ ወደ ሐይቃችን የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። እሷን በዚያ ጊዜ ያጠመደ ልጆቿንም አብሮ አጠፋ። ጥቃቅኑንም በጠባብ መረብ ጠርገን ካወጣን ለከርሞ ምን እናጠምዳለን?

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ሐይቃችን ገና እርጥብ ነው። ሥራውን ዛሬ እንጀምር።