አኩሪ አተርና የጾም ገበታችን

(በማኅበራችን የውይይት ሰዓት ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከምሁር አፍ የሚጠበቅ ከባድ አርእስት አይመስልም። ይሁን እንጂ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤና አያት ድረስ ተማሪ በጋራ በተከራየው ቤት ሁሉ የሚነሣ ክርክር ነውና በማኅበራችን ፊት ቢቀርብ ነውር የለበትም ብለን አመንን። አንደኛው ጓደኛችን «አኩሪ አተር ሥጋንም ወተትንም ይተካል፤ እርሱን ያልያዘ ጿሚ በፈተና ሰሞን ይደክማል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ወንድን እንደ ሴት ያደርጋል፣ እንቅርትም ያመጣል» ብሎ የቀረበለትን ይገፋል። ሁለቱም በስማ በለው ይናገራሉና ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ስለ ጾሙ ራሱ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ ነነዌና ገሃድ ሲታከሉበት ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ያሳልፋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1944 ጥቂት ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ለእንዲህ ያለው አመጋገብ «ቪጋን» የሚል ስም ሲያወጡለት፣ የእኛ ሰው ስሙን ሳይሰማ ግብሩን ከለመደው ብዙ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። የማይጾመው ጓደኛችንም ቢሆን ከዚህ ገበታ አያመልጥም፤ በወሩ መጨረሻ ኪሱ ያስጾመዋል።

እንግዲህ ገላችን ከምግብ ከሚፈልጋቸው ነገሮች ዋናው ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ተማሪ በቀን 48 ግራም ያህል ይበቃዋል። 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር 36 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ፣ ሽምብራ 20፣ ምስር ደግሞ 25 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ከብዛቱም ይልቅ ዓይነቱ ይበልጣል፤ ይኸውም ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች የተሠራ ስለ ሆነ ነው። ስንዴ ላይሲን የተባለው ጡብ ያንሰዋል፤ ምስርና አተር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን ያጥራቸዋል። አኩሪ አተር ጡቦቹን በተመጣጠነ ሁኔታ ስለሚይዝ ከወተትና ከእንቁላል ፕሮቲን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገር ግን የመጀመሪያው ጓደኛችን እዚህ ላይ ያጋንናል። እንጀራ ከሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታልና፣ በደንብ የጠገበ ጿሚ ያለ አኩሪ አተርም ፕሮቲን አይቸግረውም። የሚቸግረው ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀትር ላይ ፓስታ በስጎ፣ ማታ ደግሞ የተረፈውን ዳቦ የሚበላው ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ብዙዎቻችን በጾም የምንደክመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱን ግን በጾሙ ላይ እንጥላለን። ለእንዲህ ያለው ተማሪ አንድ እፍኝ አኩሪ አተር ትልቅ ነገር ነው።

አኩሪ አተር ወደ አገራችን የገባው በቅርብ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ በፓዌና በአሶሳ፣ በጅማና በወለጋ ይመረታል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ በልጅነቱ ቀምሶት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ ከድካሙም ፍሬዎች አንዱ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት የተቀላቀሉበት ፋፋ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ዐዋቂ ነበር፤ ልጅ ፋፋ ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም እናት ማስረዳት አያስፈልግም። (ወተት ስላለበት ግን የጾም ምግብ አይደለም።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛችን እንመለስ። በአኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባል፣ በመልኩ ኤስትሮጅን ከተባለው የሴት ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ነገር መኖሩ እውነት ነው። መምሰል ግን መሆን አይደለም፤ ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው። በወንዶች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2010ና እንደገና በ2021 በአንድነት ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ አኩሪ አተር የወንድን ሆርሞን ዝቅ እንደማያደርግ ታይቷል። ቻይናና ጃፓን ሲበሉት ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ወንድ አጣን ሲሉ ግን አልተሰሙም።

የእንቅርቱ ነገር እንዲሁ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። አዮዲን በበቂ ለሚያገኝ ሰው አኩሪ አተር የታይሮይድ ዕጢውን አይጎዳውም፤ አዮዲን ላነሰው ሰው ግን ችግሩን ሊያባብስበት ይችላል። በደጋው አገራችን አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት የኖረ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ አኩሪ አተር የሚበላ ሰው ማሸጊያው ላይ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ጨው ይግዛ፤ እርሱንም ክዳን ባለው ዕቃ ያኑር። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አኩሪ አተር መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ በሁለቱ መካከል ስለሚኖረው ሰዓት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አኩሪ አተር የማይሰጠውም ነገር አለ፤ ይኸውም ቪታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቪታሚን ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ሲሆን በእህልም በጥራጥሬም ውስጥ አይገኝም። ዓመቱን በሙሉ ቪጋን የሆነ ሰው በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት ግዴታው ነው። ጾሞ የሚፈታ ሰው በፍስክ ወራት ከሚበላው ጉበቱ ያጠራቅማል። ይህ ግን በፍስክ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለሚያገኝ ሰው ነው። ፋሲካ ካለፈም በኋላ ያው ሽሮ የሚጠብቀው ተማሪ በመካከላችን ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ እጅና እግሩ እየደነዘዘው ከዋለ «ጾሙ ነው» ብሎ ከመተው ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን ቢያስመረምር ይሻላል።

ብረትም እንዲሁ ነው። አኩሪ አተር ብረት አለው፤ ነገር ግን ፋይቴት የተባለ ነገር ይዞበት በቀላሉ አይለቅለትም። ፍሬውን ዘፍዝፎ ማሳደር ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አብሮ መብላትም ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። በአንጻሩ ሻይና ቡና በምግብ ላይ ሲጠጡ ያግዱታል። ይህን የምንናገረው በተለይ ለእኅቶቻችን ነው፤ በወር አበባ ምክንያት የብረት እጥረት እነርሱን ይበልጥ ያጠቃልና፣ ከምሳ በኋላ ያለው ቡና አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ምንም አይቀርበትም።

አሠራሩን በሚመለከት አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ጥሬ አኩሪ አተር አይበላም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለበት ሆድ ይነፋል፣ ጥቅሙም ይቀራል። እሳት ግን ያጠፋዋል። የሽሮ እህል ከመፈጨቱ በፊት ስለሚቆላ ለዚህ የተመቸ ነው። ወተቱን በቤት የሚሠራ ሰው ፍሬውን ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶና አጥልሎ ያፍላው፤ አረፋው ቶሎ ሲነሣ ፈላ ብሎ አይታለል፣ እሳቱን ቀንሶ ዐሥር ደቂቃ ያህል በሚገባ ይቀቅለው። በቤት የተሠራው ካልሲየም እንደ ላም ወተት የለውምና ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምትክ ሊሆን አይገባም።

በቦሌ ሱፐርማርኬቶች ከውጭ የመጣ የአኩሪ አተር ወተት በካርቶን ተደርድሮ ይሸጣል፤ በአንዳንድ ቡና ቤትም በጾም ማኪያቶ ይሠራበታል። ካልሲየምና ቢ12 የተጨመረበት ስለሚገኝ ጽሑፉን አንብቦ ለሚገዛ ሰው መልካም ነው። እኛን ግን ይህ ነገር ያስቆጨናል። የአገራችን አኩሪ አተር በጥሬው ወደ ውጭ ይላካል፤ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የቀረው ፋጉሎ ለዶሮ ይሰጣል፤ የአገሬው ተማሪ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የመጣውን ካርቶን ከሩቅ ያያል።

እኛ በቤታችን የሞከርነው ይህ ነው፤ ከሽሮው እህል ከአምስት እጅ አንዱን አኩሪ አተር አድርገን፣ ለብቻው ቆልተን፣ ከአተሩና ከሽምብራው ጋር አስፈጨነው። ጣዕሙን የለየ እንግዳ እስካሁን አልመጣም። ከዚህ በላይ ሲበዛ ግን ሽታው ይታወቃል። ለፍልሰታ ከሾላ ገበያ በጋራ ገዝተን በአንድ ወፍጮ ለማስፈጨት ስላሰብን፣ ከእኛ ጋር መግባት የሚፈልግ ሁሉ ስሙንና የሚፈልገውን ኪሎ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።