«ፀሐይ»ን በትንሹ ስለ መሥራት
(በካዛንቺስ ለጓደኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ«ካዜ ኢንቺስ» ቤቶች ነው። ይህን ስም ትቶልን የሄደው ወራሪ «ፀሐይ»ን ግን ወስዶብን ነበር።

ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሠርታ የበረረች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሠራት፤ ባለ 7 ሲሊንደሩ ዋልተር ቬኑስ ሞተሯ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ነበር። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ሞዴሏን በሣጥን የሚሸጥ ስላጣሁ፣ ከአንዱ ኪት ክንፍ፣ ከሌላው ገላ፣ ከሦስተኛው ሞተር ወስጄ ገጣጠምሁ። በመጀመሪያ ተሳሳትሁ፤ ገላው በ1 ለ72፣ ሞተሩ በ1 ለ48 ልክ ነበርና አፍንጫዋ ከገላዋ በለጠ። አሥር ሜትር በፊተኛው 13.9፣ በኋለኛው 20.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ መለካት ከመቁረጥ ይቅደም። ከዚያ ክፍተቱ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቀለም ሲቀባ መጋጠሚያው አይታይም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መጋጠሚያው ባይታይም፣ ክፍሎቹ ከየት እንደ መጡና በግምት የሠራነው የቱ እንደ ሆነ ከማቆሚያዋ ሥር ይጻፍ። አለዚያ ተከታዮቻችን ግምታችንን እንደ ታሪክ ይወስዱታል። እውነተኛይቱ ፀሐይም ከየአገሩ በተገኘ ነገርና ዕውቀት ተሠርታ በረረች፤ መገጣጠም አያሳፍርም፣ መደበቅ ግን ያሳፍራል።