ሁለተኛው ናዳ
በሀዋሳ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ዝናብ ካጠገበው ተራራ በወረደ ናዳ የተቀበሩትን ቤተሰቦች ለማውጣት ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ፣ የሌለውም በባዶ እጁ፣ ጭቃውን ይቆፍር ነበር። በዚህ ጊዜ ተራራው ዳግመኛ ተናደ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘገባ መሠረት የሟቾቹ ቁጥር ከ250 በላይ ሲሆን፣ የሚበዙት ለእርዳታ የደረሱት እንደ ነበሩ የአካባቢው ባለሥልጣናት ገልጸዋል። ከእነርሱም መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ናዳን ስለ መከላከል በጠቅላላው አይደለም። በተናደ ተዳፋት ሥር ሰው ከመግባቱ በፊት የሚቀረው አደጋ በምን ይመዘናል? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ አብዝተው የመረመሩት የበረዶ አገር ሰዎች ናቸው። በራስ ደጀን ጫፍ አልፎ አልፎ በረዶ ቢታይም፣ ክምችቱ ለናዳ የሚበቃ አይደለም። በአልፕስ ተራሮች ግን በስኪ እየተንሸራተቱ ከተጠበቀው መንገድ የሚወጡ ሰዎች በየዓመቱ ይሞታሉ። ስለዚህም በስዊዘርላንድ፣ በዳቮስ የሚገኘው ተቋም በክረምት በየዕለቱ የአደጋ መግለጫ ያወጣል። የአውሮፓ አገሮች በ1993 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተስማሙበት መለኪያ 5 ደረጃዎች አሉት። ብዙ ሰው የሚሞተው በ4ኛውና በ5ኛው ሳይሆን በ3ኛው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ አደጋው እጅግ ሲበረታ ሰው ከቤቱ ይውላል፣ መካከለኛ ሲሆን ግን ይደፍራል።

ስኪ ተንሸራታቹ በመጀመሪያ የሚያየው የተዳፋቱን ማዕዘን ነው፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ከሁሉ የሚያሠጋ ነው። ቀጥሎም በአቅራቢያው ትኩስ ናዳ መኖሩን ይመለከታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለምና። ጓደኛው ቢቀበር እንኳ ከላይ ተንጠልጥሎ የቀረ በረዶ አለመኖሩን ሳያይ አይገባም። ይህን የሚያደርገው ጊዜ ስላለው አይደለም፤ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከ15 ደቂቃ በኋላ በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁል ያውቃል።

ይሁን እንጂ የበረዶውን ልማድ እንዳለ ወደ አፈሩ ማዛወር ስሕተት ነው። በረዶውን ብዙ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው የሰውየው የራሱ ክብደት ነው፤ አፈሩን ግን የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ነው። ዝናብ ወደ አፈሩ ውስጥ ሲሰርግ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው የውሃ ግፊት ይጨምራል፤ አፈሩን ከሥሩ ካለው ዐለት ጋር ያያያዘው ሰበቃም ይላላል። የመጀመሪያው ናዳ ይህን ነገር አያበቃውም። ከላይ የሚቀረው ገደል ከቀድሞው ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፣ ከሥሩ ይደግፈው የነበረው አፈር ሄዷል፣ በጫፉም ስንጥቆች ተከፍተው ውሃውን ይቀበላሉ። ዝናቡ ቢያባራም ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚወርድ፣ ፀሐይ ወጣች ተብሎ መዘናጋት አይገባም።

ምልክቶቹም ለገበሬው እንግዳ አይደሉም። ከገደሉ አፋፍ በላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የደረቀ ምንጭ፣ መዝጊያው አልገጥም ያለ ቤት፤ እነዚህ ሁሉ ይነገራሉ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚነገሩት ከአደጋው በኋላ ነው። የወንዝ ውሃ በዝናብ መካከል ከጎደለ ደግሞ ከላይ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ቁፋሮውን ትቶ መሸሽ ይገባል።

የሀዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳር በሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከታቦርና ከአላሙራ ኮረብቶች በቀር ነዋሪውን ስለ ተዳፋት የሚያሳስበው ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ጎፋ እስከ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ መቀመጫው በዚህችው ከተማ በነበረው ክልል ሥር ይተዳደር ነበር፤ በደጋው የሚያገለግሉ ብዙ የግብርና፣ የደንና የጤና ባለሙያዎችም የተማሩት በሀዋሳና በወንዶ ገነት ነው። ኡኡታ ሲሰማ ቀድመው የሚሮጡት እነርሱ ናቸው።

«ቆዩ» ማለት ቀላል አይደለም። ልጇ ከጭቃው ሥር ላለ እናት ስለ ውሃ ግፊት ማስረዳት አይቻልም፤ ጎረቤትም ቆሞ ቢያይ በአገሩ ልማድ ነውር ነው። ማንም ሰው ይህን ልማድ ሊነቅፍ አይገባውም። ሊደረግ የሚቻለው የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰን ነው። ጥቂቶች ይቆፍራሉ፤ የቀሩት ከናዳው መውረጃ ወደ ጎን፣ ከፍ ባለ ጠንካራ መሬት ላይ ሆነው ተራ ይጠብቃሉ። ሁለት ሰዎች አካፋ ሳይነኩ፣ አንዱ ገደሉን አንዱ ወንዙን እያዩ፣ ጥሩምባ ይዘው ይቆማሉ። የመሸሻው አቅጣጫም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን መሆኑ ለቆፋሪዎቹ አስቀድሞ ይነገራል።

ጥሩምባውን የሚይዘው ማን ነው? የሚለው ግን በዕለቱ የሚወሰን አይደለም። የእድሩ ዳኛና የቀበሌው ሊቀ መንበር በበጋ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ከግብርና ባለሙያው ጋር ወደ ተዳፋቱ ወጥተው ስንጥቆቹን አይተው፣ በየስንጥቁ ግራና ቀኝ ካስማ ተክለው፣ በካስማዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በገመድ ሊለኩ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ያው ገመድ ካጠረ ተዳፋቱ እየሄደ ነው።