ስለ ፒክአፓችን ኮፈን
(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የንብረት ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)



ድንኳንና ወንበር የምታመላልሰው ፒክአፓችን በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ከቀብር መልስ ከአንድ ሚኒባስ ጋር መጋጨቷን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ኮፈኗ ግን ከአፉ እስከ መኻሉ ተሰነጠቀ። ዛሬ እንድናስረዳ የተጠየቅነው ለአንድ ኮፈን ከመዋጮአችሁ ሁለት ጊዜ ለምን እንደተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ የኛው ጥፋት ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

የፒክአፓችን ኮፈን ላሜራ አይደለም። የድሮው ዝጎ ሲያልቅ በፋይበር ግላስ የተተካ ነው። እኛ ይህን ረስተን ላሜራ ለሚቀጠቅጥ ባለሙያ ሰጠነው፤ እሱም ስንጥቁን ከላይ በስቱኮ ደፍኖ ቀባው። ሲያዩት ያምር ነበር እኮ! ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስቱኮው ተፈነቃቀለ፤ ይባስ ብሎ መቆለፊያው የተያዘበት ቦታ ላላ። ሹፌራችን ኮፈኑ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ዳር ይዞ ባያቆም ኖሮ፣ በነፋስ ተነሥቶ የፊት መስተዋቱን ይሸፍንበት ነበር። ከኋላ ደግሞ ድንኳን የሚተክሉ ስድስት ልጆቻችን ተሳፍረው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሜራ ሲመታ ይጎብጣል፣ በመዶሻም ይመለሳል። ፋይበር ግላስ ግን የመስታወት ክር ሬዚን በሚባል ሙጫ ተይዞ የደረቀ ነው፤ ሲመታ ክሩ ይበጠሳል። ስቱኮ ክር የለውም፤ ጎድጓዳ ይሞላል እንጂ የተበጠሰውን አያያይዝም። «ፕላስቲክ ነው፣ አይረባም፣ ይጣል» ያላችሁም ነበራችሁ። በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣችው የሸቭሮሌ ኮርቬት ሙሉ አካሏ ከዚሁ የተሠራ ስለነበር እቃው አይናቅም።

ሁለተኛውን ጥገና ጋራዥ ከሚሠሩ የሰፈራችን ወጣቶች ጋር ሆነን ራሳችን ሠራነው። በመጀመሪያ ኮፈኑን በሳንቲም ጫፍ ቆረቆርነው፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ውስጡ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጉዳቱ በዓይን ከምናየው በጣም ሰፍቶ ተገኘ። ከዚያ በሳሙና አጥበን በአሴቶን ወለወልን። ይህ ከመፋቁ በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ስቱኮውን በሙሉ አንሥተን የስንጥቁን ጠርዝ በሁለቱም ወገን ሰፋ አድርገን አስተርፈን ፋቅነው፤ አዲሱ ክር የሚይዘው በዚያ ተዳፋት ላይ ነውና። ከጀርባ ሦስት፣ ከፊት ሁለት ንጣፍ ክር እያለበስን፣ አየር እንዳይቀር በብሩሽ ጫፍ እየጠቀጠቅን ሬዚን አጠጣነው። መቆለፊያው ሥር በንጣፎቹ መኻል ብረት ቀበርንበት።

ማድረቂያው በግምት አይጨመርም። ለግማሽ ኪሎ ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም ይበቃል። ከመካከላችን አንዱ «ቶሎ ይድረቅልን» ብሎ ዝም ብሎ ቢያፈስበት ጣሳው ጋለ፣ ጨሰ፤ ያ ሁሉ ሬዚን ድንጋይ ሆኖ ተጣለ። በብርድ ማለዳ ደግሞ ጨርሶ አልደርቅ ስላለን ፀሐይ እስኪሞቅ እየጠበቅን ነው የሠራነው። በመጨረሻ ስስ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም። አንቲራስት አልገዛንም፤ አይዝግማ!

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። የመጀመሪያውን ቀን የፋቅነው ግቢው ውስጥ፣ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ነበር። አቧራው የመስታወት ብናኝ ነው፤ አንዲት እናት ተቆጥተው አስቆሙን፣ ልክም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ከሰፈር ራቅ ብለን፣ አፍንጫና ዓይን ሸፍነን፣ ውኃ እያረጠብን ሠራን። ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ስለሚችል ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውኃ ታጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አሴቶን ባለበትም ቡና የሚፈላበት ከሰል አይቅረብ።

«ሹፌሩ ይክፈል» ለሚለው ጥያቄ፣ ኮሚቴው አልተቀበለውም። ኮፈኑን ለማይመለከተው ባለሙያ የሰጠነው እኛ ነን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ አምስታችን ከየወሩ ደመወዛችን እየቀነስን ለማኅበሩ እንመልሳለን፤ ደረሰኙ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ኮፈኑን ራሱ ቆርቁሮ ማየት የሚፈልግ አባል ካለ፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።